ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በ41 ዓመቴ አርግዣለሁ፤ ማንን ልስማ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 41 ነው፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ያገባሁት ዘግይቼ ነው። አምና አርግዤ በሁለት ወሩ ወረደብኝ። አሁን እንደገና አርግዤ 9 ሳምንት ሆኖኛል። አክስቴ «እኔ የመጨረሻዬን በ44 ዓመቴ ወልጄ የለ? ምንም አትሆኚም» ትለኛለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ልጁ ጤነኛ ላይሆን ይችላል» ብላ እንቅልፍ ነሥታኛለች። ክትትሌን አዲስ አበባ ላድርገው? ደግሞ የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ የአሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ አምሮኛል።

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። አክስትዎ አልዋሹም፤ ግን እሳቸው የሚያወሩት ስለ መጨረሻ ልጃቸው ነው፣ የእርስዎ ገና የመጀመሪያ ነው። በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ወልደው በማያውቁ እናቶች ላይ ይበዛል፤ ዕድሜ ከ40 ሲያልፍም ይጨምራል። እርስዎ ሁለቱም አለብዎት።

ባልደረባዎ ያሰቡት ዳውን ሲንድሮምን፣ ማለትም የልጁን የአእምሮና የአካል ዕድገት የሚያዘገየውን የተፈጥሮ ችግር ይመስለኛል። በ25 ዓመት ከ1,250 ልጆች አንዱ ላይ የሚታየው በ40 ዓመት ከ100 አንዱ ላይ ይታያል። ጨምሯል፤ ቢሆንም 99ኙ ከዚህ ነፃ ናቸው። ከ11 እስከ 14 ሳምንት በሚደረግ አልትራሳውንድ የፅንሱ የአንገት ጀርባ ይለካል፤ ምርመራው ጥርጣሬን ያሳያል እንጂ አያረጋግጥም። የአምናውም ቢሆን ዕቃ ስላነሡ ወይም ስለደከሙ አይምሰልዎት። በዚህ ዕድሜ የሚወርደው ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ከጅምሩ የክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ዘር የሚሸከመው ክር) ችግር ያለበት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግፊቱ ነው። ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም፤ «ደህና ነኝ» እያሉ 140/90 ሊያልፍ ይችላል። ይህን ለመከላከል የሚረዳው ርካሽ መድኃኒት በትንሽ መጠን የሚወሰድ አስፒሪን ነው። የሚጀመረው ግን እንግዴ ልጁ ሥር በሚሰድበት ጊዜ፣ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ባለው ውስጥ ነው። እርስዎ በጊዜው ደርሰዋል። ብዙዎች ክትትል የሚጀምሩት ሆዳቸው ሲገፋ ነው፤ ያኔ ይህ ዕድል አልፏል። ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው አይጀምሩ፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም አስም ካለብዎት አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ። ፎሊክ አሲድ ግን ካልጀመሩ ዛሬውኑ፣ በቀን 0.4 ሚሊግራም።

አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግዎትም። ግፊትና ሽንት ሰፈርዎ ያለው ጤና ጣቢያም ይመረምራል፤ የስኳር ምርመራው ከ24 እስከ 28 ሳምንት ነው፣ በቤተሰብ ስኳር ካለ ቀደም ይላል። ምጡን ግን ኦፕራሲዮን ክፍልና ደም ያለበት ሆስፒታል ያድርጉት፤ ለዚህ ሐዋሳ ውስጥ አዳሬም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም አሉ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን በታች የሚሰማ ሕመም፣ የፊት እብጠት ወይም ደም ካዩ፣ በኋላም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በሌሊትም ቢሆን ይሂዱ።

ዓሣውን አልከለክልዎትም፤ ጥሬውን ነው። ጥብስ ወይም ሾርባ ያድርጉት፤ ክትፎም ከሆነ በደንብ ይብሰል።