ማክስ ታይለርና የቢጫ ወባ ምርምር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በትንኝ ንክሻ ስለሚተላለፉ የቫይረስ በሽታዎች፣ በተለይም የቢጫ ወባን ክትባት ስላስገኘው ተመራማሪ ስለ ማክስ ታይለር የሥራ ሕይወት የላካችኋቸውን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን አጣምሬ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ታይለር ከየት ተነሥቶ ወደዚህ ምርምር ገባ?

መልስ፦ በ1899 በደቡብ አፍሪካ፣ በፕሪቶሪያ ተወለደ። አባቱ አርኖልድ ታይለር ከስዊዘርላንድ የሄደ ስመ ጥር የእንስሳት በሽታ ተመራማሪ ስለነበር፣ ልጁ ያደገው የከብት በሽታና የክትባት ነገር በየዕለቱ በሚነሣበት ቤት ነው። በኬፕ ታውንና በለንደን ሕክምና ተምሮ በ1922 በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥራ ያዘ። መጀመሪያ ያጠናው አሜባንና ከአይጥ ንክሻ የሚመጣውን ትኩሳት ሲሆን፣ ወደ ቢጫ ወባ የተሻገረው ቆየት ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ በሽታውን ትንኝ እንደምታስተላልፍ ቀድሞ ታውቆ ከነበረ፣ ለእሱ ምን ቀረለት?

መልስ፦ እርግጥ ነው፣ የኩባው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ በ1881 ትንኝን ጠርጥሮ ነበር፤ በ1900 ደግሞ በዋልተር ሪድ የሚመራው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ቡድን እዚያው ኩባ ውስጥ ይህንኑ አረጋገጠ። በሽታ አምጪው ምን እንደሆነ ግን አልተቋጨም ነበር። ሂዴዮ ኖጉቺ የተባለው ዝነኛ ተመራማሪ ባክቴሪያ አገኘሁ ብሎ ብዙዎችን አሳምኖ ነበር። ታይለርና አለቃው ሴላርድስ የኖጉቺ ባክቴሪያ፣ የቫይል በሽታ የሚባለውን ሌላ የጉበት ሕመም ከሚያመጣው ተሕዋስ የተለየ አለመሆኑን አሳዩ። በ1927 ምዕራብ አፍሪካ የነበሩ፣ ሮክፌለር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ተመራማሪዎች በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ አሲቢ ከሚባል ሕመምተኛ የተወሰደ ደም ለሬሰስ ዝንጀሮ ወግተው ቫይረሱን ማቆየት ቻሉ። አሲቢ ራሱ ድኗል፤ ከተመራማሪዎቹ አንዱ አድሪያን ስቶክስ ግን በዚያው ዓመት በበሽታው ሞተ፤ ኖጉቺም በ1928 አክራ ላይ በዚሁ በሽታ አረፈ።

ጥያቄ፦ አይጥን ለምርምር መጠቀሙ ለምን ይህን ያህል ይወራለታል?

መልስ፦ በእኔ አስተያየት ይህ ከክትባቱም የሚበልጥ ሥራው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። የሬሰስ ዝንጀሮ ዋጋው ውድ፣ አያያዙ አስቸጋሪ፣ ለሠራተኛውም አደገኛ ስለነበር፣ አንድ ቤተ ሙከራ በሳምንት ሊሠራ የሚችለው ሙከራ በጣት የሚቆጠር ነበር። ታይለር በ1930 ተራዋ ነጭ አይጥ፣ ቫይረሱ በቀጥታ አንጎሏ ውስጥ ከተወጋ፣ እንደምትታመም አስታወቀ። አይጧ የምትሞተው እንደ ሰው ጉበቷ ተጎድቶ ሳይሆን በአንጎል ብግነት በመሆኑ፣ ውጤቱን በጥርጣሬ ዓይን ያዩት ባልደረቦች ነበሩ። በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ታይለር ራሱ በበሽታው ተይዞ፣ ዕድል ቀንቶት ተርፏል።

ከዚህ የመነጨው ፈተና በጣም ቀላል ነው። ከአንድ ሰው የተወሰደ የደም ውኃ፣ ማለትም ሴረም፣ ከቫይረሱ ጋር ተቀላቅሎ አይጦች ይወጋሉ። አይጦቹ ከሞቱ በሴረሙ ውስጥ ቫይረሱን የሚያከሽፍ ነገር የለም ማለት ነው፤ ከተረፉ ግን ሰውየው ከዚያ በፊት በቢጫ ወባ ተይዞ የዳነ ነው። በዚህ መንገድ ወረርሽኝ ተከስቶ በማያውቅባቸው የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ አካባቢዎች ሳይቀር በሽታው በጸጥታ ያለፈባቸውን ቦታዎች በካርታ ላይ ማስፈር ተቻለ። ክትባት የተሰጠው ሰው መከላከያ ማዳበሩ የሚለካውም በዚሁ ፈተና ነበር፤ ያለዚህ መለኪያ 17ዲ የተባለው የታይለር ክትባት መሥራቱን በርግጠኝነት መናገር ባልተቻለም ነበር።

ጥያቄ፦ ክትባቱ የተገኘው በአጋጣሚ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ከፊሉ እውነት ነው። ታይለር በ1930 ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ቤተ ሙከራ ከተዛወረ በኋላ፣ የአሲቢን ቫይረስ መጀመሪያ በአይጥ ጽንስ ሕዋሳት፣ ቀጥሎ በጫጩት ጽንስ፣ በመጨረሻም አንጎሉና ሕብለ ሰረሰሩ በተወገደ የጫጩት ጽንስ ላይ ደጋግሞ አራባው። በ89ኛውና በ114ኛው ዙር መካከል ቫይረሱ ጉበትንም አንጎልንም የማጥቃት ኃይሉን አጣ። ሙከራው ሲደገም ያው ለውጥ ስላልመጣ፣ አጋጣሚ የሚሉት ሰዎች አልተሳሳቱም። ነገር ግን በየዙሩ እየለካ የሚጠብቅ ሰው ባይኖር ለውጡን ማንም አያየውም ነበር። ታይለርና ሂዩ ስሚዝ ውጤቱን በ1937 አሳተሙ፤ ወዲያውኑም ብራዚል ውስጥ በሰፊው መሰጠት ጀመረ። በ1985 የዘር ቅንብሩ ተነብቦ በ1987 ከአሲቢ ጋር ሲነጻጸር፣ ወደ 11 ሺህ ከሚጠጉት የቫይረሱ የዘር ፊደላት ከአሲቢ የሚለዩት 68 ብቻ ሆነው ተገኙ። ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማትን ያገኘ ሲሆን በ1972 ዓለምን ከመሰናበቱ በፊት ይህን የማየት ዕድል አላገኘም።

ጥያቄ፦ ክትባቱ ጉዳት አላስከተለም?

መልስ፦ አስከትሏል። በ1942 ለአሜሪካ ወታደሮች በተሰጠው ክትባት ውስጥ ማረጋጊያ ሆኖ የተጨመረው የሰው ሴረም በሄፓታይተስ ቢ ተበክሎ ስለነበር፣ ወደ 50 ሺህ የሚሆኑ ወታደሮች በግልጽ የጉበት ሕመም ተይዘዋል። ከዚያ በኋላ የሰው ሴረም መጨመሩ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ እኔ የምጽፈው ከወላይታ ነው። እንሰት ለቢጫ ወባ ምክንያት ይሆናል ሲባል ሰማሁ። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ እንሰቱ በሽታ አያመጣም፤ መኖሪያ የሚያገኙት ትንኞቹ ናቸው። የእንሰቱ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ጉድጓድ ውስጥ የዝናብ ውኃ ይጠራቀማል፤ ኤደስ ሲምፕሶኒ በሚል ስም የሚታወቁት የትንኝ ወገኖች የሚፈለፈሉት እዚያ ነው። ጎዳሬና ሙዝም እንዲሁ ናቸው። ጫካ ውስጥ ቫይረሱ በሌሎች ትንኞች አማካይነት በዝንጀሮዎችና በጦጣዎች መካከል ይዘዋወራል፤ ጦጣው ወደ ጓሮ ሲወጣ የጓሮዋ ትንኝ ትቀበለዋለች፤ ከዚያ ወደ ባለቤቱ ነው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆ አካባቢ፣ ወደ 100 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች ታመው 30 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል፤ ይህም በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ነው። ልብ ይበሉ፣ 17ዲ በዚያን ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ክትባት ነበር፤ እዚያ ላሉት ሰዎች ግን አልደረሰም። በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ ኦፋ ወረዳ፣ በ2020 ደግሞ ጉራጌ ዞን ውስጥ በሽታው እንደገና ታይቷል። እንሰቱን መንቀል መፍትሔ አይደለም፤ መከተብ ነው የሚያዋጣው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ላይ የታየው በሽታም ይኸው ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ2013 የተከሰተው ደንጊ፣ በ2019 የተከሰተው ቺኩንጉንያ ነው። ሁለቱም ሌሎች የቫይረስ በሽታዎች ናቸው፤ የምታስተላልፋቸው ኤደስ ኤጂፕቲ የተባለችው ትንኝ ክዳን በሌለው በርሜል፣ በጀሪካንና በተጣለ ጎማ ውስጥ ትፈለፈላለች። በቀን ስለምትናከስ አጎበር በሌሊት ብቻ መዘርጋቱ ብዙም አያድንም። በርሜሉን ባዶ ማድረግ ብቻም አይበቃም፤ እንቁላሎቿ ከግድግዳው ላይ ተጣብቀው ደርቀው ለወራት ስለሚቆዩ፣ ውስጡን በብሩሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ይህን ሙያ ለመያዝ ምን ላጥና?

መልስ፦ ሞለኪውላር ባዮሎጂውን ሁሉም ተማሪ ይሮጥለታል፤ አንቺ ከእሱ ጋር የትንኝ ሳይንስን ደርበሽ ተማሪ። ፒሲአር፣ ማለትም ተሕዋስን በዘር ቅንብሩ የሚለየውን ምርመራ፣ የሚሠራ ሰው ማግኘት ይቻላል፤ አንድን ትንኝ በአጉሊ መነጽር አይቶ ዝርያዋን የሚለይ ሰው ግን ጥቂት ነው። ለልምምድ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትንና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን ጠይቂ። ፈረንሳይኛም ብትችዪ ይጠቅምሻል፤ በአፍሪካ ለቢጫ ወባ ዋና ማረጋገጫ የሆነው ቤተ ሙከራ ዳካር በሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ የቢጫ ወባ ክትባት ማረጋገጫ በሆነው ቢጫ ካርዴ ላይ ያለው ቀን አልፏል። እንደገና ልከተብ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 አንድ መርፌ ለዕድሜ ልክ እንደሚበቃ ያስታወቀ ሲሆን፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮም ካርዱ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ለባለቤቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ 10 ዓመት የሚል ገደብ የተጻፈባቸው የቀድሞ ካርዶችም እንደዚያው ናቸው። ገና ያልተከተበ መንገደኛ ግን ካርዱ የሚጸናለት ከተከተበ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ከበረራው ቀደም ብሎ ይከተብ።