«በጥምርታ ሞልቶላችኋል» ለተባሉት ርዕሰ መምህርት፦ የጎደለውን በክፍለ ጊዜ ቆጥረው ያቅርቡ

ሰላም መምህርት። የጻፉትን ደግሜ አነበብኩት። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል 12 ሴክሽን፣ 540 ተማሪ፣ 11 መምህር፣ ሁለት ጥበቃና አንዲት ጽዳት አላችሁ፤ ተጨማሪ ሠራተኛ ሲጠይቁ ወረዳው «በጥምርታ ሞልቶላችኋል»፣ ማለትም ለተማሪያችሁ ቁጥር የሚበቃ መምህር አላችሁ፣ ብሎ መልሷል። ስሌቱ አጭር ነው፤ ለ50 ተማሪ አንድ መምህር ተብሎ 540 ለ50 ሲካፈል 10.8 ይመጣል፣ 11 መምህር አለ፣ አለቀ። በዚህ ቁጥር ላይ ከተከራከሩ ይረታሉ። ጥምርታውን ይተዉትና እንዲህ ያድርጉ።

1. ክፍለ ጊዜ ይቁጠሩ። በቀን 6 ከሆነ አንድ ሴክሽን በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል፤ 12ቱ ሴክሽን 360 ማለት ነው። ለአንድ መምህር 25 ቢሰጡት 14.4 ይመጣል፣ 15 ሰው ያስፈልጋል። እስከ 30 ቢጭኑባቸው እንኳ 12 ነው፤ በ11 አይሸፈንም። 45 ልጅ ያለበት ክፍልም 60 ያለበትም የሚፈልገው ያው 30 ክፍለ ጊዜ ነው፤ ጥምርታ የሚደብቀው ይህንን ነው። 30 ጭነን እንቻለው አይበሉ። አንዲት መምህርት ወሊድ ስትወጣ አራት ወር ገደማ፣ አንድ ሴሚስተር ማለት ይቻላል፣ አትኖርም። የሥራ መደቡ ክፍት ስላልሆነ ቅጥር አይጠየቅበትም፤ የሚሸፍኑላት 25 የያዙት ናቸው። ታችኞቹን ክፍሎች በሰልፍ ኮንቴይንድ (አንድ መምህር ለአንድ ሴክሽን ሁሉንም ትምህርት በሚሰጥበት መንገድ) የምታስተምሩ ከሆነማ አንድ ሰው ሲታመም 30 ክፍለ ጊዜ በአንዴ ይወድቃል።

2. በትምህርት ዓይነት ይበትኑት። «አራት መምህር ይጎድለናል» የሚል ደብዳቤ የሚያመጣላችሁ ወረዳው እጅ የተረፈውን ሰው ነው። እንግሊዝኛ ጎድሎ የአካባቢ ሳይንስ ይላካል፣ «ተሟልቷል» ይባላል፣ ፋይሉ ይዘጋል። እንግሊዝኛ በሳምንት 5 ከሆነ ለ12 ሴክሽን 60 ነው፤ ሁለት መምህራን 50 ይሸፍናሉ፣ 10 ሰው አልባ ይቀራል። ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ 2 ከሆነ 24 ነው፤ አንድ ሰው ይበቃዋል። ክወናና ዕይታ ጥበብ ብዙ ጊዜ ለአማርኛ መምህር የክፍለ ጊዜ ማሟያ ሆኖ ይሰጣል፤ በማሟያ መሸፈኑን ይጻፉት እንጂ «መምህር አለው» አይበሉ። የመምህራንና የክፍለ ጊዜ ድልድሉን በትልቅ ወረቀት አዘጋጅተው ባዶዎቹን ሳጥኖች በቀይ ይቀቡ። «3ኛ ለ፣ ረቡዕ፣ 4ኛ ክፍለ ጊዜ፣ እንግሊዝኛ፣ መምህር የለም» የሚል አንድ ቀይ ሳጥን ሁለት ገጽ ደብዳቤ የማያስረዳውን ያስረዳል።

3. 11ዱ በእርግጥ ያስተምራሉ? ዋናው ይህ ነው። ወረዳው የሚቆጥረው ፔሮል ላይ ያለውን ስም ነው። በደብዳቤ ቤተ መጻሕፍት የተመደበ መምህር፣ ሪከርድ (የተማሪዎች መዝገብ) የያዘች መምህርት፣ ደመወዙ እዚህ ሆኖ ሌላ ቦታ የሚሠራ፣ ለትምህርት የሄደ፣ ሁሉም ጥምርታው ውስጥ አሉ፤ ሰሌዳ ፊት ግን የሉም። በዓመታዊ ስታትስቲክስ ቅጽ ላይ እነዚህን ሁሉ አስተማሪ ብሎ መሙላት ዓመት ሙሉ ያስከፍላል። ቅጹ አንዴ ከሄደ በኋላ እጥረት ባሉ ቁጥር ፊታችሁ የሚዘረጋው የራሳችሁ ፊርማ ነው። ስለዚህ ስም በስም፣ «የሚያስተምር» እና «የማያስተምር፣ ምክንያቱ» ብለው ለይተው አባሪ ያድርጉ። በዚያው ላይብረሪያንና ሪከርድ ሠራተኛ የሚያስፈልጋችሁ ለምን እንደሆነ ይታያል፤ እነሱ ሲመጡ ሁለት መምህራን ወደ ክፍል ይመለሳሉና።

የድጋፍ ሠራተኛም በሰዓት ይሰላ። አንድ በር ቀንና ሌሊት ሲጠበቅ በሳምንት 168 ሰዓት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው፤ 168 ለ39 ሲካፈል 4.3 ይሆናል። ሁለት ጥበቃ ማለት እያንዳንዳቸው 84 ሰዓት ቆሙ ማለት ነው። ይህ ግፍ ነው፤ ንብረት ጠፍቶ ሲጠየቁም እነሱው ናቸው። ጽዳቷን በክፍልና በመጸዳጃ ቀዳዳ ቁጥር ያስሉላት፤ ከሁለቱም ዕረፍት በኋላ መጸዳጃ መታጠብ አለበት፣ ውሃ የምትቀዳም ከሆነ ሰዓቱን ይጨምሩ። የምገባ እናቶች ካሏችሁ ከድጋፍ ሠራተኛ ጋር አይደምሯቸው፤ ሥራቸው ማዕድ ቤት ነው። ወላጆች አዋጥተው የቀጠሩት ጥበቃ ካለም «በወላጅ መዋጮ የሚከፈል» ተብሎ ይጻፍ፣ የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ቃለ ጉባኤ ይያያዝ፤ አለበለዚያ መደቡ እንደተሞላ ይቆጠራል።

ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ግን የእያንዳንዱን መደብ ሁኔታ ያጣሩ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚንከራተተው። መደቡ መዋቅሩ ላይ ጨርሶ ከሌለ ጉዳዩ የፐብሊክ ሰርቪስ ነው። መደቡ ኖሮ በጀት ካልተያዘለት የፋይናንስ ነው። ሁለቱም ኖረው ሰው ከጠፋ የቅጥርና የዝውውር ጉዳይ ነው። ሦስቱን በአንድ ደብዳቤ ከቀላቀሏቸው አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይገፋዎታል፤ ሦስት ደብዳቤ ይጻፉ፣ ሁሉንም በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በኩል ያሳልፉ።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራልና ጥያቄው ሚያዝያ ሳይገባ ወረዳ መድረስ አለበት። ከምዝገባ በኋላ መስከረም ላይ የሚጻፍ የቅጥር ጥያቄ በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የመጣ ነው። ርዕሰ መምህርን ቀና ብሎ ሳያይ «አስቀምጪው፣ እናየዋለን» የሚል መዝገብ ቤት አለ። ሳያስመዘግቡ አይውጡ፤ በግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያሳርፉበት።

ለዘንድሮው የቀረው መንገድ ሽግሽግ፣ ማለትም ከሌላ ትምህርት ቤት መምህር መጋራት ነው። የጉድኝት ማዕከላችሁ (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘር የሁሉንም ትምህርት ቤቶች ድልድል ያገኛል። ቀዩን ሠንጠረዥ ይዘው ይሂዱና እንግሊዝኛ ከ20 ክፍለ ጊዜ በታች የያዘ መምህር የት እንዳለ አብረው ይፈልጉ። የጎደለዎት 10 ክፍለ ጊዜ ስለሆነ ሙሉ ዝውውር ሳያስፈልግ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ሰው ይበቃዎታል። ስምምነቱ ግን በሁለቱ ርዕሰ መምህራን ቃል ብቻ አይቅር፤ ቀኑና ክፍለ ጊዜው ተጠቅሶ በወረዳው ደብዳቤ ይውጣ።