ቬኒስ ላይ የሚንሳፈፈውን የመስታወት ቤት በምን ልሰረው፣ ትንሹ ሞዴሉስ ለምን ዘንበል ይልብኛል ላልከው

በገመድ አትሰረው። ውኃው ሲወርድ ገመዱ ይላላል፣ ሲሞላ ደግሞ ይወጠራል ብለህ የፈራኸው ልክ ነው። ከውኃው ሥር ካለው መሬት ላይ ምሰሶ ትከል፤ ተንሳፋፊው መሠረት ላይ ምሰሶውን የሚያቅፍ፣ ውስጡ ሮለር (የሚሽከረከር ዘንግ) ያለው ቀለበት ግጠም። ያኔ ቤቱ ከውኃው ጋር ይወጣል ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። የከተማዋ የውኃ አውቶቡስ ፌርማታዎችም ተንሳፋፊ ናቸው፤ ሄደህ ምሰሶዎቻቸውን እያቸው።

ምሰሶውን ግን አታሳጥረው። እ.ኤ.አ. በ1966 ውኃው ከከተማዋ የባሕር ከፍታ መለኪያ ዜሮ በላይ 194 ሴንቲሜትር፣ በ2019 ደግሞ 187 ደርሷል። ሞዜ የሚባለው የባሕር መዝጊያ አለ ብለህ አትተማመን።

ሞዴሉ ዘንበል የሚልብህ መስታወቱ ከላይ ስለከበደ ነው። 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ይመዝናል፤ 200 ካሬ ብትጠቀም 5 ቶን። 10 በ10 ሜትር የሆነ መሠረት ይህን ለመሸከም 5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሰምጠው፤ ችግሩ መስመጡ ሳይሆን ክብደቱ ከላይ በኩል መሆኑ ነው። ጣሪያውን አቅልለው፣ ከመሠረቱ ሥር ኮንክሪት ጨምር። (ጣሊያናዊው አርክቴክት አልዶ ሮሲ በ1979 እዚያው ያንሳፈፈው ቲያትር የብረት ዘንግና ጣውላ ነበር። ዕድለኛ!)

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኛ አንድ ሐይቅ ላይ ትንሽ መድረክ ስንሠራ መስታወቱን ከብረቱ ጋር አጥብቀን ገጠምነው። ውኃው ጸጥ ሲል ምንም አልሆነም። አንዲት ጀልባ በፍጥነት ስታልፍ ግን ብረቱ ተጣመመ፣ መስታወቱ ጥጉ ላይ ፀጉር በምታህል መስመር ተሰነጠቀ። ዙሪያውን ጎማ አስገባበት፣ መላወሻም ተውለት።