የዓመት መጨረሻ እረፍታችንን ሊነሱን ይችላሉን?

ጥያቄ፦ ብዙ ሠራተኞች ባሉት ትልቅ ኩባንያ ውስጥ በዕቃ ግምጃ ቤት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። እስካሁን ድረስ ኩባንያው በዓመቱ መጨረሻ ለአንድ ሳምንት ሲዘጋ ደመወዛችን ሳይጎድል፣ ከዓመት ፈቃዳችንም ሳይታሰብ እናርፍ ነበር። ባለፈው ወር ግን «የዓመት መጨረሻው እረፍት እንደገና በመታየት ላይ ነው» የሚል የሁለት መስመር ማስታወሻ ደረሰን። ከሠራተኞቹ አንዱ ከፈቃዳችን ይቆረጣል ይላል፣ ሌላው ያለ ክፍያ ይሆናል ይላል። መብታችን እስከ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ ዘጠኝ ዓመት የቆየን እረፍት የሚነካ ነገር በሁለት መስመር ማስታወቅ ሠራተኛን ማክበር አይደለም፤ መጨነቅዎም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ሁላችንም «እረፍት» እያልን የምንጠራው ነገር በሕግ ሦስት ዓይነት መሆኑን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል፤ እነሱም የሕዝብ በዓላት፣ የዓመት ፈቃድ እና አሠሪው በራሱ ውሳኔ የሚጨምራቸው ቀናት ናቸው።

የዓመት ፈቃድ የጠነከረ ከለላ አለው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 132፣ ባጸደቁት አገሮች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከ3 የሥራ ሳምንታት ያላነሰ ከክፍያ ጋር የሚወሰድ ፈቃድ እንዲሰጥና የሕዝብ በዓላት በዚህ ውስጥ እንዳይቆጠሩ ይደነግጋል። ይኸው ስምምነት ግን ፈቃዱ የሚወሰድበትን ጊዜ በመሠረቱ አሠሪው ሠራተኛውን ካማከረ በኋላ እንዲወስን ስለሚፈቅድ፣ የመዝጊያው ሳምንት ከፈቃድ ይታሰብ የሚለው ሐሳብ በራሱ ሕገ ወጥ ነው ማለት አይቻልም።

የእርስዎ ሳምንት ከሦስተኛው ዓይነት፣ አሠሪው በራሱ ውሳኔ ከሚጨምረው ይመስላል፤ ዋናው ክርክርም ያለው እዚህ ላይ ነው። በሥራ ውልዎ ወይም ሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪው ጋር በሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት ተጽፎ ከሆነ ኩባንያው ብቻውን በማስታወሻ ሊሽረው አይገባም። ካልተጻፈም ነገሩ አላበቃለትም፤ በብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ፣ ለሁሉም፣ ሳይቋረጥ የተሰጠ ጥቅም የውሉ አካል ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። በአንጻሩ የየዓመቱ ማስታወቂያ «ለዘንድሮ ብቻ» የሚል ቃል ከነበረው ክርክሩ በእጅጉ ይዳከማል። እንደ አሜሪካ ባለ አገር ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ ላልተሠራ ቀን ክፍያን ስለማያስገድድ፣ ጉዳዩ በአብዛኛው በውሉ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ የቆዩ የደመወዝ ወረቀቶችዎን ያውጡና የፈቃድ ቀሪ የሚለውን መስመር ይመልከቱ። ኩባንያው ከመዘጋቱ በፊት 11 ቀን የነበረዎት ከተከፈተ በኋላም ያው 11 ቀን ከሆነ፣ ደመወዙም ሙሉ ከሆነ፣ ሳምንቱ በተጨማሪነት ሲሰጥ መኖሩን ከኩባንያው ከራሱ መዝገብ ያረጋግጣሉ ማለት ነው። ከእነዚህ ወረቀቶች የበለጠ ምስክር አያገኙም፤ የየዓመቱን ማስታወቂያም አብረው ያስቀምጡ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ያለ ክፍያ ይሆናል የሚለው ወሬ ነው፤ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በሩን የዘጋው አሠሪው ነውና። ሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በእሱ በኩል፣ ከሌለ ደግሞ በርከት ብላችሁ፣ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ለሰው ኃይል አስተዳደር ስጡና ቀናቱ ከየትኛው ፈቃድ እንደሚታሰቡ፣ ውሳኔው ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራና በየትኛው የውል አንቀጽ እንደተደገፈ በጽሑፍ እንዲመልስ ጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ «ተስማምቻለሁ» የሚል ቅጽ ቢቀርብልዎ አይፈርሙ።