ሰርተፍኬቱን ከግድግዳ አወረድኩት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ባንክ ትሠሪያለሽ፣ ሥራው ሰልችቶሻል፣ የማይንድፉልነስ፣ ማለትም ቀልብን ሰብስቦ ትንፋሽንና ሰውነትን የመከታተል ሜዲቴሽን፣ አስተማሪ ልሁን ብለሻል። በ6 ሳምንት ሰርተፍኬት የሚሰጥ የኦንላይን ሥልጠና አግኝተሻል። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? ቡድሂስት፣ የቡድሃ እምነት ተከታይ፣ መሆን ግድ ነው ወይ? ስማቸው የገነነው አስተማሪዎችስ ከየት ተነሡ? ነው ያልሽው።

እኔም የድሬዳዋ ሰው ነኝ፣ ቤቴ ሳቢያን ነው። ሙያዬ የሒሳብ አያያዝ ነው። አንቺ ልትገቢበት ባሰብሽው በር ገብቼ ወጥቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የራሴን። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልቤ ሌሊት እየደለቀ ይቀሰቅሰኛል። ግፊቴ 160 በ100 ገባ። ሐኪሙ ልብህ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው ብሎ መድኃኒት አዘዘልኝ። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን በዩቲዩብ ትንፋሽ መከታተል ጀመርኩ። ረዳኝ። መድኃኒቱን አልተውኩም፣ እንቅልፌ ግን ተመለሰ። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አቦ፣ ሦስት ወር ሳይሞላኝ አሠልጣኝ ልሁን አልኩ! 12 ሺህ ብር ከፈልኩ። ቪዲዮ አየሁ፣ ጥያቄ መለስኩ፣ በ9 ቀን ሰርተፍኬት መጣልኝ። ከዚራ ወስጄ በከለር አሳተምኩት፣ ፍሬም ገዛሁለት፣ ሳሎን ሰቀልኩት።

የመጀመሪያው ትምህርቴ አክስቴ ግቢ ነበር። ዛፍ ሥር፣ 8 ሰው። ምንጣፍ ላይ አስተኛኋቸው። ከእግር ጣት እስከ ራስ ሰውነትን በቀልብ መከታተል የሚባለውን ልምምድ ከወረቀት ላይ አነብላቸው ጀመር። ጉልበት ላይ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ ማልቀስ ጀመረች። ማልቀስ ብቻ አይደለም፣ ትንቀጠቀጣለች። በኋላ እንደሰማነው፣ በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በበላበት ሌሊት፣ ውሃው ቤቷ ገብቶ ጉልበቷ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ እዚያ ላይ የለም። «አይዞሽ፣ ትንፋሽሽን ተከታተይ» አልኳት፣ ባሰባት። ያወጣችኝ አክስቴ ናት። መጥታ ቀና አደረገቻት፣ እግሯን መሬት አስረገጠቻት፣ እጇን ይዛ ስለ ልጆቿ ትጠይቃት ጀመር። ከዚያ ቡና ተቆላ። አክስቴ ሜዲቴሽን የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሰርተፍኬቱን አወረድኩት።

የአስተማሪዎቹን ሕይወት ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዓመቶቹን ከዚህ ወዲያ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ።

ከሜዲቴሽን አስተማሪዎቹ የኔ ሰው ኡ ባ ኪን ነው። የሒሳብ ሰው ስለሆነ ነው፣ አልደብቅሽም። በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) በ1948 ነጻ ስትወጣ የአገሪቱ ዋና የሒሳብ ሹም የሆነው እሱ ነው። መነኩሴ አልነበረም። እዚያው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለሠራተኞቹ ሜዲቴሽን ያስተምር ነበር። አንቺ ባንከኛ ነሽ፣ ሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ቢሮ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። እዚያ መሀል ቁጭ ብሎ ቀልብን መሰብሰብ!

ከተማሪዎቹ አንዱ ጎኤንካ ነው። በርማ ውስጥ ማንዳላይ የተወለደ ሕንዳዊ፣ ሀብታም ነጋዴ። ማይግሬን አሠቃይቶት ሞርፊን እስከ መወጋት ደርሷል። ሐኪም ፍለጋ አውሮፓም አሜሪካም ጃፓንም ሄዷል። በ1955 ኡ ባ ኪን ዘንድ ሲሄድ ሰውየው ለራስ ምታት ብቻ ከሆነ አልቀበልህም አለው። ጎኤንካም የአጥባቂ ሂንዱ ልጅ ነውና ሃይማኖቴን ሊያስቀይሩኝ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር። ያንቺ ፍርሃት አዲስ አይደለም ማለቴ ነው። ከዚያ 14 ዓመት ከመምህሩ ሥር ቆየ። ሕንድ ሄዶ ማስተማር የጀመረው በ1969 ነው። የሱ የ10 ቀን ሥልጠና ዛሬም አይከፈልበትም። የምግቡንም የማደሪያውንም ወጪ የሚሸፍኑት ቀድመው የተማሩ ሰዎች ናቸው። 14 ዓመትና 9 ቀን፤ አስቢው።

ዲፓ ማ የምትባል አስተማሪ ደግሞ አለች። ሳነብላት አክስቴ ናት ፊቴ ላይ የመጣችው። በ12 ዓመቷ ተዳረች። ሁለት ልጆች ቀበረች። በ1957 ባሏ ሞተባት። ሐዘኑ አልጋ ላይ ጣላት። ሜዲቴሽን የተማረችው በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆና ነው። በኋላ ካልካታ ጠባብ ቤት ተከራይታ የቤት እመቤቶችን ታስተምር ነበር፣ የቤት ሥራቸውን እየሠሩ እንዲለማመዱ። በ1974 ሻሮን ሳልዝበርግ የምትባል አሜሪካዊት ወጣት ልትሰናበታት መጣች። ዲፓ ማ አንቺ አገርሽ ገብተሽ ታስተምሪያለሽ አለቻት። ልጅቱ እኔ ማነኝ ብላ ተከራከረች። አሮጊቷ የሰጠቻት ምክንያት መከራን ታውቂዋለሽ የሚል ነበር። ሳልዝበርግ በልጅነቷ እናቷ የሞተችባት፣ ከቤት ቤት ስትዘዋወር ያደገች ናት። ሄዳ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በማሳቹሴትስ ትልቅ የሜዲቴሽን ማዕከል ከፈተች። እነዚያ ሁለቱ፣ ኮርንፊልድና ጎልድስታይን፣ በሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኝነት ታይላንድ ሄደው ነው ከነገሩ ጋር የተገናኙት።

ሁሉም እርጋታ በእርጋታ እንዳይመስልሽ። ስሟ የገነነው አሜሪካዊቷ የሜዲቴሽን አስተማሪ ፔማ ቾድሮን ቀድሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። ባሏ መጥቶ ሌላ ሴት ይዣለሁ፣ እንፋታ ሲላት ድንጋይ አንስታ ወረወረችበት። ራሷ ናት የምትናገረው። ይህ ሁለተኛ ትዳሯ ነበር። ከዚያ ስብራት ነው ወደ ቡድሂዝም የገባችውና በ1974 የመነኮሰችው። በአንጻሩ የሷ መምህር ቾግያም ትሩንግፓ እውቀቱ የሚያስደንቅ፣ መጠጡም የከፋ ሰው ነበር። በ1987 በ48 ዓመቱ ሞተ። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ አስተማሪ ስሰማ ንግግሩን ትቼ አዋዋሉን ነው የምጠይቀው።

ወደ ሃይማኖቱ ጥያቄ ልመለስ። ያሁኑን ማይንድፉልነስ ሆስፒታል ያስገባው ጆን ካባት ዚን ነው። በሞለኪዩላር ባዮሎጂ ዶክተር ነው፣ ራሱን ቡድሂስት ብሎ አይጠራም። በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ክሊኒክ ከፈተ። ሕመማቸው አልድን ብሎ ሐኪም ያታከቱትን ሰብስቦ፣ ኋላ የ8 ሳምንት ሆኖ የጸናውን ትምህርት ሰጣቸው። ከቡድሂስቶች የተማረውን የሃይማኖት ስም ሳይጠራ ነው ያስተማረው። ስለዚህ መቀየር አይጠበቅብሽም። ግን ከየት እንደመጣ ሰው ሲጠይቅሽ አትደብቂ። እናቴ ጠይቃኛለች፣ እውነቱን ነገርኳት፤ «ጸሎትህን ካልተውክ ምን ቸገረኝ» ብላ አለፈች።

ቡድሂስት መሆን የመረጠ አፍሪካዊም አለ። ቡድሃራኪታ የሚባለው ኡጋንዳዊ በ1990 ንግድ ሊማር ሕንድ ሄዶ እዚያ ከታይላንድ መነኮሳት ጋር ተገናኘ። መንኩሶ ተመለሰና በ2005 ኡጋንዳ ውስጥ ማዕከል ከፈተ። ንግድ ተማር ተብሎ የተላከ ልጅ ቢጫ ለብሶ ሲመጣ ቤተሰቡ ምን እንዳለ መገመት አያቅትሽም።

አሁን ስለ ክፍያው። በካባት ዚን መንገድ አስተማሪ ለመሆን መጀመሪያ 8ቱን ሳምንት ራስሽ ተማሪ ሆነሽ ትጨርሻለሽ። በየቀኑ ትለማመጃለሽ። ዝም ተብሎ በሚሰነበትበት ሱባኤ ትገቢያለሽ። ከዚያ ልምድ ያለው ሰው እያየሽ ታስተምሪያለሽ። ዓመታት ይወስዳል። ያገኘሽው ሥልጠና ከነዚህ ስንቱ እንዳለው ጠይቂያቸው። አንድ ተማሪዬ መንቀጥቀጥ ቢጀምር ምን ላድርግ ብለሽም ጠይቂ። መልሱ ድርቅ ያለ ከሆነ ብርሽን ያዢ። ባንኩን ደግሞ አትልቀቂ። ኡ ባ ኪንም ሥራውን አልለቀቀም።

እኔ አሁን በኦንላይን 8ቱን ሳምንት በደንብ ተምሬ ጨርሻለሁ፣ አስተማሪ ግን አይደለሁም። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ አክስቴ ግቢ አምስት ሆነን እንቀመጣለን። ያቺ ሴትዮም ትመጣለች። ዓይኗን ገልጣ፣ ወንበር ላይ ሆና ነው የምትለማመደው። ካባት ዚን ተማሪዎቹን አንዲት ዘቢብ በዝግታ ያስበላል፤ እኛ በተምር ነው የምንሠራው። ባለፈው አንዱ የባጃጅ ሹፌር አንዷን ተምር አምስት ደቂቃ አገላብጦ ሲያይ ቆይቶ፣ «አቦ፣ እስካሁን በኪሎ ስበላ ቅምሻውን አላውቀውም ነበር» አለ።

መምጣት ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ። ምንጣፍ ይዘሽ ነይ፣ ተምሩን አክስቴ ታቀርባለች።