ለካርፕ መንጠቆ የሚቦካ ሊጥ፦ ምን ምን አይግባበት?

ጥያቄ፦ ቆቃ ሐይቅ አጠገብ እያረስኩ የምኖር ገበሬ ነኝ። ሥራ ሲቀልልኝ ካርፕ የተባለውን ዓሣ በመንጠቆ አጠምዳለሁ። ከቤት የተረፈውን እሸጣለሁ። ማባበያውን ከበቆሎ ዱቄት ራሴ አቦካለሁ። ከዘር የተረፈ ቀይ ቀለም የተቀባ በቆሎ አለኝ፤ ሻጋታ የነካው ለውዝም አለ። ጓደኛዬ ደግሞ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ጨምርበት ይለኛል። ሊጡ ውስጥ መግባት የሌለበት ምንድን ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሦስቱንም ባይጨምሩ እመክርዎታለሁ።

የዘሩ በቆሎ ይቅደም። ያ ቀይ ቀለም የሚቀባው ዘሩ በፀረ ሻጋታ ወይም በፀረ ተባይ መድኃኒት መታሸቱን ለማስጠንቀቅ ነው። ቢታጠብ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ለቋል ማለት አይደለም። መቀቀልም መፍትሔ አይሆንም። ሊጡን የሚያሹት በባዶ እጅዎ ነው፤ ዓሣውን የሚበላው ደግሞ የቤትዎ ሰው ወይም ደንበኛዎ ነው። ለዶሮም እንዳይሰጡት። ደረቅ ቦታ፣ ልጅና ከብት የማይደርሱበት ያስቀምጡትና ለመጪው ክረምት ይዝሩት። ከመዝራትዎ በፊት ጓንት አድርገው 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉና ስንቱ እንደሚበቅል ይዩ።

ብርብራ መርዝ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣ እንደሚያደነዝዝ ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። ውስጡ ያለው ሮተኖን የተባለ መርዝ ዓሣው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል፤ ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም። ጫጩቱ ካለቀ ደግሞ እርስዎም ጎረቤትዎም ከርሞ የምታጠምዱት አይኖርም። በመርዝ ማጥመድ በዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 የተከለከለ መሆኑንም ለጓደኛዎ ይንገሩልኝ። እንዶድም ያው ነው።

የሻገተ ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። መርዙ በዓይን አይታይም፣ ተቀቅሎም አይጠፋም። የሻገተውን ለቅሞ ቀሪውን መጠቀምም አያዋጣም። ፋጉሎ የሚጨምሩ ከሆነም ሽታው ያልተለወጠውን ይምረጡ።

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ላይ ነው። ካርፕ ጨጓራ የለውም። እህሉን ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች አድቅቆ በቀጥታ ወደ አንጀቱ ይልከዋል። ስለዚህ ጥሬ አኩሪ አተር አይስማማውም። ጥሬው ፕሮቲን የሚፈጨውን ትሪፕሲን የተባለ ኢንዛይም ያግዳል። በደንብ ሲቆላ ወይም ሲቀቀል ግን ችግሩ ይቀንሳል። ደረቅ በቆሎም ውኃ ሲስብ ስለሚያብጥ፣ ዓሣ ለመሳብ ብለው ጥሬውን ሐይቁ ውስጥ አይበትኑ። ሌሊቱን ዘፍዝፈው በጥፍር ሲጫኑት እስኪደቅ ይቀቅሉት። «የሚያዝ ዓሣ ነው፣ ምን ቸገረኝ» እንዳይሉ። ከሚበትኑት አብዛኛውን የሚበላው ያልተያዘው ዓሣ ነው።

ሞራና ቅቤም ይቅሩ። ሐይቁ ውስጥ ይረጋሉ፤ ሊጡን ያጠነክሩታል፣ ሽታውንም አፍነው ይይዙታል። ዘይት ብዙ ከሆነ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ካርፕ ደግሞ የሚለቅመው ከታች፣ ከጭቃው ነው። የቆየ፣ የሸተተ ዘይትማ ጭራሽ አይሆንም።

እጅዎም የሊጡ አካል ነው። ካርፕ በከንፈሩና አፉ ዳር ባሉት አጫጭር ሪዞች ጣዕም ይለያል። ናፍጣ፣ ሲጋራ ወይም ሽታ ያለው ሳሙና የነካው እጅ ሊጡን ያበላሸዋል። መድኃኒት የረጩ ዕለትማ ጭራሽ አያቡኩ። በሌላ ቀን እጅዎን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥበው በብዙ ውኃ ያለቅልቁ።

ታዲያ ምን ይግባበት ካሉኝ፣ ሁለት እጅ የበቆሎ ዱቄት፣ አንድ እጅ የስንዴ ዱቄትና ጥቂት ፉርሽካ ይበቃል። እንደ ገንፎ በፈላ ውኃ ያገንፉት፤ ሲበርድ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተው ይሹት። ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨምሩ ጣፋጭ ሽታ ይሰጠዋል። የሚያቦኩት ለዕለቱ የሚበቃዎትን ያህል ይሁን። የተረፈውን ሐይቁ ውስጥ አይድፉት፤ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይሻማል። ቤት ወስደው ለዶሮ ይስጡት።