የሚያወራ ፕሮግራምና የሚንቀሳቀስ ሮቦት፦ ጥያቄና መልስ

ከሰው ጋር የሚነጋገር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራምን በትርፍ ጊዜ ከተሠራ ሮቦት ጋር ስለማገናኘት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ። የምናገረው በአብዛኛው ሁለት ጎማ ባለውና በባትሪ በሚሠራው በራሴ ሮቦት ላይ ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ጥያቄ፦ ያለኝ አርዱዪኖ ኡኖ የተባለው አነስተኛ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። ፕሮግራሙን እዚያው ላይ መጫን ይቻላል?

አይቻልም። የተለመደው ኡኖ (R3) ሚሞሪው 2 ኪሎባይት፣ የኮድ ማስቀመጫው ደግሞ 32 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን፣ ለመነጋገር የሚበቃ ትንሽ የቋንቋ ሞዴል (ጽሑፍ አንብቦ መልስ የሚያመነጨው የፕሮግራሙ ዋና ክፍል) እንኳ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት፤ ንግግሩን ኮምፒውተር ወይም ራዝበሪ ፓይ የተባለው አነስተኛ ኮምፒውተር ይያዝ፣ ሞተሩን ኡኖ ይያዝ፣ ሁለቱ ደግሞ በዩኤስቢ ገመድ በሲሪያል (መረጃን በተራ በተራ በሚልክ መንገድ) ይገናኙ።

ጥያቄ፦ የተናገርኩት ቃል እንቅስቃሴ እስኪሆን ድረስ በምን በምን ያልፋል?

ማይክሮፎኑ የተቀበለውን ድምፅ አስቀድሞ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ይረከበዋል፤ ለምሳሌ በ2022 የወጣው ዊስፐር በሰከንድ 16,000 ናሙና ያለው ድምፅ ይቀበላል። ጽሑፉ ወደ ቋንቋ ሞዴሉ ሲሄድ፣ ሮቦቱ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚዘረዝር መመሪያ አብሮት ይላካል። «ትንሽ ወደ ፊት ሂድና ወደ ግራ ዙር» ብዬ ስናገር ሞዴሉ የሚመልሰው ወግ ሳይሆን «ሂድ 30፤ ዙር -90» የሚል ትእዛዝ እንዲሆን አድርጌአለሁ፤ «ትንሽ» ማለት 30 ሴንቲሜትር መሆኑን የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ ለሞዴሉ አልተውኩትም።

ወደ ኡኖ የሚሄደው መልእክት ግን ቁጥር ብቻ ቢሆን ይሻላል፤ እኔ «1,30» (ሂድ 30) እና «2,-90» (ዙር -90) እያልኩ እልካለሁ። የኡኖ የሲሪያል መቀበያ ቋት (የሚገባውን መልእክት ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ) 64 ባይት ሲሆን፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ቋቱ በ21 ፊደል ይሞላል። ይህን ሳላውቅ ለምን ትእዛዜ እየተቆረጠ እንደሚደርስ ስፈልግ አንድ ምሽት አባክኛለሁ።

ጥያቄ፦ ሞዴሉ ሞተሩን በቀጥታ ቢቆጣጠር ምን ችግር አለው? ብልህ ነው ይባላል።

ከሁሉም በላይ ልትጠነቀቁበት የሚገባው ይህ ነው። ሰርቮ ሞተር (በምት ርዝመት የሚታዘዝ ሞተር) በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሰከንድ የሚቆይ ምት ይጠብቃል፤ ሞዴሉ ግን አንድ መልስ ለመስጠት ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ኢንተርኔት ሲደክም ደግሞ ጭራሹን ላይመልስ ይችላል። በዚያ ላይ ያልተሰጠውን ትእዛዝ ከራሱ ይፈጥራል። የእኔው ሮቦት ጠረጴዛ ላይ ሳለ «ደስታህን አሳየኝ» ብዬው፣ ሞዴሉ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ «ዝለል» የሚል ትእዛዝ ላከ፤ የኡኖው ኮድ የማያውቀውን ትእዛዝ ሁሉ እንደ «ሂድ» ይቆጥር ስለነበር ሮቦቱ ከጠረጴዛው ጫፍ አልፎ ወደቀና አንድ ጎማው ተሰበረ። ጥፋቱ የሞዴሉ አልነበረም፤ የማያውቀውን ትእዛዝ እንዲፈጽም አድርጌ ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ኡኖው በዝርዝሩ የሌለን ትእዛዝ ይጥላል፣ ከ50 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ጉዞንም አይቀበልም። ኮምፒውተሩ በየ100 ሚሊ ሰከንዱ «አለሁ» የሚል ምልክት ይልካል፤ ምልክቱ ለ500 ሚሊ ሰከንድ ከጠፋ ሞተሮቹ ይቆማሉ። በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 ዳሳሽ ከ15 ሴንቲሜትር በታች ካነበበም ኡኖው ሞዴሉን ሳይጠይቅ ያቆማል። የሞተሩን ኃይል የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያም በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይኑር።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ሊነሣ ሲል ቦርዱ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። የፕሮግራሙ ስሕተት ነው?

አይደለም፣ የኃይል ችግር ነው። ሞተር ሲነሣ የሚስበው ኤሌክትሪክ ሲሽከረከር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል። ለሞተሩ የራሱን ባትሪ ይስጡት፤ የሁለቱን ባትሪዎች ኔጌቲቭ ግን ማገናኘትዎን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ሮቦቴ የራሱን ድምፅ እየሰማ ለራሱ ይመልሳል።

ድምፅ ማጉያው በሚናገርበት ጊዜ ማይክሮፎኑን ይዝጉት፤ ከጨረሰ በኋላም ግማሽ ሰከንድ ያህል ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። 1 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ በሥልጠና የያዛቸው ቁጥሮች) ያለውና እያንዳንዱ ቁጥር ወደ 4 ቢት የተጨመቀበት ሞዴል ከ1 ጊጋባይት ያነሰ ቦታ ስለሚይዝ በራዝበሪ ፓይ 5 ላይ ሊሄድ ይችላል። ትእዛዝ ከመምረጥ ያለፈ ብልህነት ግን አይጠብቁበት፤ በእኔ ግምት ለሮቦት የሚበቃውም ያ ነው።

ጥያቄ፦ «ሂድ» ስለው «ሄጃለሁ» ይላል፤ ሮቦቱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ለምን ይዋሻል?

ዋሸ ለማለት ያስቸግራል፤ የሆነውን የሚያይበት መንገድ ስላልተሰጠው፣ ከትእዛዝ በኋላ በንግግር የተለመደውን ቃል ተናገረ እንጂ። መፍትሔው የንግግሩን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው፤ ሞዴሉ ትእዛዙን ከላከ በኋላ ዝም ይበል፣ ኡኖው የጎማውን ዙር በሚለካው ኢንኮደር የቆጠረውን ርቀትና የቆመበትን ምክንያት መልሶ ይላክ፣ ሞዴሉም ይህን ካነበበ በኋላ ብቻ ይናገር። ይህን ካስተካከልኩ ወዲህ የእኔው ሮቦት «30 ሴንቲሜትር ልሄድ ነበር፤ 12 ላይ ቆሜአለሁ፣ ከፊቴ የሆነ ነገር አለ» አለኝ። የቆመው ጫማዬ ጋ ነበር።